ጎልፍ ጂቲአይ በጎጃም ዳገት፦ በ11 ዓመት ያስገባሁባት ዕቃ ሲመዘን

ባሕር ዳር ውስጥ ጣሪያዋ ላይ ቀለሙ የነጣ ቀይ የቮልስዋገን ጎልፍ 2 መኪና ካያችሁ የኔ ናት። ሌላ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ፣ የበር እጀታ እፈልጋለሁ። በ2006 ዓ.ም. ገዝቻት ይኸው 11 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልተፈታ ብሎን የላትም። እኩዮቼ ቤት ሠሩ፣ አንዱ እንደውም ቡሬ ላይ ፎቅ አቁሟል፤ እኔ ደግሞ አልጋዬ ሥር ሦስት ዓይነት የፍሬን ዲስክ አለኝ። ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ምን ምን አስገባህባት? የቱ ይሻላል?» ይለኛል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። የከፈለኝ ሰው የለም። በኪሴ ገዝቼ ዓባይ በረሃን የወረድኩበትንና የወጣሁበትን ዕቃ ብቻ ነው የማወራው።

መኪናዋ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1986 ጎልፍ 2 ጂቲአይ ናት። ሞተሯ ባለ 8 ቫልቭ፣ 1.8 ሊትር ነው፤ ፋብሪካው 112 የፈረስ ጉልበት አላት ይላል። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ጂቲአይ ምን እንደሆነ ለማታውቁት፣ የቤተሰብ መኪና መስላ እንደ ሰይጣን የምትሮጥ ማለት ነው። ቮልስዋገን የመጀመሪያዋን በ1975 ፍራንክፈርት ላይ ሲያሳይ 5,000 ያህል ብቻ ሊሠራ ነበር ያሰበው። ገዢው አላስቆመውም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራታል። ያቺ የጎልፍ ኳስ የምትመስል የማርሽ እጀታም ከዚያው ዘመን የመጣች ናት። የኔዋ ላይ ኳሷ የለችም፤ የቀድሞው ባለቤት የበሬ ቀንድ የሚመስል ነገር ተክሎባት ነበር። ቀንዱን ነቅዬ መጣል የመጀመሪያው የማሻሻል ሥራዬ ነው። ነጻ ነበር፣ እስካሁንም አልተቆጨሁበትም።

የገዛኋት ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ደላላው «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና አይደለችም፣ አውሮፕላን ናት» አለኝ። አመንኩት። በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ስነዳ፣ ከደምበጫ በኋላ አንድ ዳገት ላይ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይስቃል። ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም። ይኼ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያ ሳቅ ነው።

ያኔ ያልገባኝ የአየሩ ነገር ነው። 112 የሚለው ቁጥር የባሕር ወለል አየር ለሚተነፍስ ሞተር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ማርቆስ ደግሞ 2,400ን ታልፋለች። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ማርቆስ ላይ 75 ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። በግርድፉ ስታሰሉት ባሕር ዳር ላይ 90፣ ማርቆስ ላይ 84 ፈረስ ይቀራችኋል። ገና ምንም ሳትነኳት ሃያ ምናምን ፈረስ በረት ጥሎ ጠፍቷል ማለት ነው። ይኼን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገንዘቤን አላቃጥልም ነበር።

በምን አቃጠልኩት? በአየር ማጣሪያና በማርሚታ። ማጣሪያው ሾጣጣ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው፤ «ስፖርት» ይባላል። የፋብሪካውን ሳጥን አውልቄ ገጠምኩት። ሳጥኑ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ያመጣ ነበር፣ አዲሱ ግን ኮፈን ሥር ያለውን ትኩስ አየር ይምጋል። በበጋ ደግሞ ጎጃም አቧራ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ጣቴን አስገብቼ ባወጣው ቡናማ ሆኖ ወጣ። ጉልበት አልጨመረም፣ ሲስብ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው ያማረው። ከ10 ሁለት እሰጠዋለሁ፣ ሁለቱም ለቀለሙ።

ማርሚታው ይባስ። «ውስጡን ባዶ ካደረግነው ትተነፍሳለች» ተባልኩ። ተነፈሰች። ሰፈሩ በሙሉ ሰማት። በዐቢይ ጾም ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ለመንገድ ሳስነሳት ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን እንደለበሱ ወጡና «ልጄ፣ ይኼ ነገር አንጀቴን ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ገፍተህ ከሰፈር አውጣና አስነሳት» አሉኝ። ጾሙ እስኪፈታ ገፋኋት። ለቦሎ ምርመራ በሄድኩ ቁጥር ደግሞ የፋብሪካውን መልሼ እገጥማለሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ መፍታቱ ሰልችቶኝ የፋብሪካው እንደተገጠመ ቀረ። ፍጥነቷ ላይ ምንም ለውጥ አላየሁም። ይኼንን ዕቃ ነጥብ አልሰጠውም።

ወደ ሞላው ልምጣ። መኪናን በ60 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ አለ። ፎቶ ላይ ያምራል። የኔን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው ያገኘሁት፣ ከማን ወልቆ እንደመጣ አልጠየቅኩም። ስገጥመው ጎማና ፓራፋንጎው መሀል ሁለት ጣት አይገባም። ለሁለት ሳምንት ጊዮርጊስ አደባባይን ስዞር ኩራቴ ለጉድ ነበር። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደረሰና ከአስፋልት ወርጄ ገጠር ገባሁ። ከአስፋልቱ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልርቅ አንድ ድንጋይ ኮፓዋን፣ ከሥር ያለውን የሞተር ዘይት መያዣ፣ ከነቡሽዋ ፈነከታት። ዘይቱ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ከመንገድ ያወጡኝ አንድ ገበሬ ናቸው፣ በጥማድ በሬ። እኔ ከኋላ መሪ ይዤ እየተጎተትኩ ሳለ ሙሽራዋ በበቅሎ አለፈችኝ። የአጎቴ ልጆች እስከ ዛሬ «የበቅሎዋን ቱርቦ ለምን አታስገባባትም» ይሉኛል።

አሁን ያለው የፋብሪካ ቁመት ያለው ሞላ፣ በጋዝ የሚሠራ አሞርዛተር (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው)ና ከሥር ወፍራም የላሜራ መከላከያ ነው። አሞርዛተሩ ከጀርመን በሰው ሻንጣ የመጣ ነው፣ ሁለቱን የፊት ብቻ ለማግኘት ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። ያዋጣል ወይ? በጣም። ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያለውን ጠመዝማዛ ስትነዱት ትረዱታላችሁ። መኪናዋ አትንሳፈፍም፣ ጉድጓድ ስትገባም ወገብ አትሰብርም። ዝቅ ማድረግ የፈለገ ግን አስፋልት ብቻ የሚነዳ ከተሜ ካልሆነ ይተወው።

አሁን ፍሬን። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

በ2008 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከአዲስ አበባ እየተመለስን ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዓባይ በረሃ ነው፤ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርድና ድልድዩን ተሻግረህ መልሰህ ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ደጋ ላይ ጋቢ ለብሰህ ተነስተህ ታች ስትደርስ ሸሚዝህን የምትፈታበት አገር ነው። እኔ ያኔ ሞኝ ነበርኩ። አራተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ በየመታጠፊያው ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። ግማሽ ላይ የጎማ ሽታ የመሰለ ነገር ሸተተኝ። ቀጥሎ ፔዳሉ ሳሳ። ቀጥሎ ወለል ነካ። ደግሜ ብረግጥ ምንም የለም፣ ጭቃ ውስጥ እንደመርገጥ ነው። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ እንጂ አልተናገረም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየሳብኩ፣ ሞተሯ እየጮኸች በመንገዱ ዳር ባለው ግንብ አጠገብ ቆመች። ዝንጀሮዎች ግንቡ ላይ ተደርድረው ያዩናል። አንዱ እንደውም መጥቶ ኮፈኑ ላይ ተቀመጠ፤ ትኩስ ነበርና ወዲያው ዘለለ።

ምክንያቱ ዲስኩ አልነበረም፣ የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ አዲሱ 230፣ የሰነበተው 155። የኔን ስናወጣው ቡና መስሏል፣ ስንት ዓመት እንደቆየ እግዜር ይወቀው። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ስለዚህ አንተ የምትረግጠው አረፋ ነው እንጂ ፍሬን አይደለም። ጠቅላላ የማሻሻያው ወጪ አንድ ጠርሙስ ዶት 4 እና ፔዳል የሚረግጥልኝ ወንድሜ ነበር። በዓመት አንዴ እቀይረዋለሁ። በዚህች መኪና ላይ ካደረግኩት ሁሉ ርካሹና አንደኛው ይኸው ነው። ከ10 አሥር። የሚያየው ሰው ግን የለም፣ ፎቶ አይነሳም።

ከዚያ በድንጋጤው ምክንያት ትልቅ ዲስክ ፍለጋ ገባሁ። የፋብሪካው የፊት ዲስክ 239 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ዘመዴ ከውጭ 280 አመጣልኝ፣ የኮራዶ ጂ60 ዲስክ። እንዴት ደስ አለኝ! ገጥሜ ቸርኬውን ስመልስ ካሊፐሩ፣ ሸራውን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀው፣ ቸርኬው ውስጥ አልገባም። ለካ 15 ቁጥር ቸርኬ ይፈልጋል፣ የኔ 14 ነው። እነዚያ ናቸው አልጋዬ ሥር ያሉት። በመጨረሻ ጎልፍ 3 ላይ የሚገኘውን 256 ከነካሊፐር ማቀፊያው አስገባሁ፣ በ14 ቁጥር ቸርኬ ሥር ይገባል። ልዩነቱ አንዴ ስትረግጠው ያን ያህል አይደለም፤ አሥረኛው መታጠፊያ ላይ ነው የሚታወቀው። ዲስኩ ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ይበትነዋል። ከ10 ስምንት፣ ሁለቱን የቀነስኩት ለፍለጋው ነው።

የፍሬን ሸራ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ስሙ የታወቀ ካርቶን ውስጥ ያለ ሸራ ሸጠውልኝ ነበር። ካርቶኑ ኦሪጅናል፣ ማኅተሙ ኦሪጅናል፣ ሸራው ፎርጅድ። 600 ኪሎ ሜትር ሳልነዳ እንደ መስታወት አበራ፣ ከዚያ አንዱ ከብረቱ ተላቀቀ። ይዤ ስመለስ «እኛ ካርቶኑን እንጂ ውስጡን አናውቅም» አሉኝ። ይኼን መልስ እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። አሁን ከመግዛቴ በፊት ሸራውን ከካርቶን አውጥቼ ጠርዙን በጥፍሬ እፍቃለሁ። ዱቄት ከወጣ እተወዋለሁ። ባለሱቆቹ አይወዱኝም።

ራዲያተሩን በአጭሩ። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ሙቀት መለኪያው እንደ ዓመት በዓል በግ ዋጋ ሽቅብ ነው። አንዴ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ራስ ከሞተሩ ጋር የሚያሽገውን፣ አቃጥዬ ደጀን አድሬያለሁ። የፊተኛው መካኒኬ «ተርሞስታቱን እናውልቀው፣ ትቀዘቅዛለች» ብሎ አወለቀው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ማለት ነው። እውነት ነው፣ ቀዘቀዘች። ጥር ላይ እንጅባራ ጠዋት እስክትሞቅ ግማሽ ሰዓት፣ ቤንዚኑንም እንደ ውኃ ትጠጣው ነበር። መድኃኒቱ ተርሞስታት ማውለቅ አይደለም። ውኃ ባሕር ዳር ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ማርቆስ ላይ ከዚያም በታች። እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው፣ የኔ ክዳን ደግሞ ላስቲኩ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ክዳን ቀየርኩ፣ ተርሞስታቱን መለስኩ፣ የቧንቧ ውኃውን ትቼ ግማሽ በግማሽ ኩላንት አደረግኩ፣ ራዲያተር ሠሪው ደግሞ የተደፈነውን ከፍቶ አጸዳልኝ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ ላይም ሚያዝያ ላይም ደጀን ወጥቻለሁ፣ መርፌው አልተንቀሳቀሰም።

ብዙ የደከምኩት ግን ነዳጁ ላይ ነው። መኪናዋ ስትመጣ ኬ ጀትሮኒክ ነበረች። ይኼ ቦሽ የሠራው በመካኒካል የሚሠራ የነዳጅ አሰጣጥ ነው፣ ኮምፒውተር የለውም። አየሩ አንድ ሳህን ከፍ ያደርጋል፣ ሳህኑ በዘንግ የነዳጅ አከፋፋዩን ይገፋል፣ ነዳጅ ይሄዳል። ድንቅ ሥራ ነው፣ ሰዓት እንደ መክፈት ይጣፍጣል። ችግሩ ሳህኑ የአየሩን መሳሳት በቅጡ አይለይም። አገራችን አየሩ ቀጭን ስለሆነ ነዳጁ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። በ3 ሚሊ ሜትር አለን ኪ አንዲት ብሎን ነክተህ ታሳሳዋለህ። ባሕር ዳር ላይ አስተካክለህ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ደግሞ ይሳሳብሃል። ለአንድ አገር የተቆረጠ ልብስ ነው፣ እኛ ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት አገር እናልፋለን።

እሱንም ችዬው ነበር። የገደላት የጀሪካን ቤንዚን ነው። ማደያ ላይ ነዳጅ በጠፋባቸው ወራት ከመንገድ ዳር ገዝቼ ቀዳሁ። አከፋፋዩ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፣ ጀሪካኑ ውስጥ ደግሞ ውኃም፣ ዝገትም፣ ምን የመሰለ አሸዋም ነበረ። መራዊ ሳልደርስ አንድ ሲሊንደር መሥራት አቆመ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። አዲስ አከፋፋይ ስጠይቅ ዋጋው መኪናዋን ከገዛሁበት ግማሽ ነበር።

ስለዚህ ሜጋስኩዌርት አስገባሁ። ሁለት አሜሪካውያን፣ ቦውሊንግና ግሪፖ፣ እንደ ፈረንጅ በ2001 ያወጡት፣ ቁርጥራጩን ገዝተህ ራስህ በካውያ የምትበይደው የሞተር ኮምፒውተር ነው። የበየደልኝ ፖሊ የተማረ ጓደኛዬ ነው። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጀበት፣ መብራት ስለሚጠፋ አንዱን እግር በባትሪ ብርሃን ነው የበየደው። የአየር ማስገቢያውንና ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ምን አለሽ ተራ ከወደቀች የኋለኛው ዘመን ጎልፍ ላይ አገኘሁ። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ላፕቶፕ ላይ ያወረድኩትን መመሪያ እያነበብኩ፣ ወንድሜን እያስነዳሁ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ቁጥር እየቀየርኩ፣ ከባሕር ዳር ዳንግላ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አልቆጠርኩትም። ትራፊክ ፖሊሱ አንዴ አስቁሞን «ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለ። ስናስረዳው «ታዲያ ቪትዝ አትገዙም?» ብሎ ለቀቀን። ልክ ነው፣ መልስ የለኝም።

የሜጋስኩዌርት ጥቅሙ አየሩን በግፊት መለካቱ ነው፣ ስለዚህ ቀጭን አየር ሲመጣ ያውቀዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፣ ይኼን ማንም ሳይነግራችሁ ነው የምነግራችሁ። የከባቢውን ግፊት የሚያነበው ሞተር ስታስነሱ አንዴ ብቻ ነው። እኔ ታች ድልድዩ አጠገብ ቆሜ አስነሳሁና ሳላጠፋ ደጀን ወጣሁ። ላይ ስደርስ እሱ አሁንም ዓባይ ድልድይ ላይ ያለ መስሎታል! ነዳጁ ሳሳ፣ ጋዝ ስሰጣት ትደናቀፋለች። አጥፍቼ አስነሳኋት፣ ተስተካከለች። ለአንድ ዓመት ጎሐ ጽዮን ላይ፣ ድልድዩ ላይ፣ ደጀን ላይ እያጠፋሁ አስነሳ ነበር፣ ሰው የተበላሸችብኝ እየመሰለው ሊገፋልኝ ይመጣል። ከዚያ ሁለተኛ የግፊት ሴንሰር ተጨምሮበት ጊዜውን ሁሉ እንዲያነብ ሆነ። አሁን ከበረሃ ደጋ፣ ከደጋ በረሃ ሳታስነጥስ ትሄዳለች። ጉልበቷ ጨመረ ወይ? ፈረስ አልጨመረችም። የነበራትን ግን በየአገሩ ሳታጎድል ትሰጣለች። ከ10 ዘጠኝ። አንዷ ለትዕግሥት የተቀነሰች ናት፣ ትዕግሥት የሌለው አይጀምረው።

የአገልግሎት ነጥብ ከተሰጠ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ አንድ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚከረከምበት፣ አለ፤ ባለቤቱን እኔ አያ ቶርኖ እላቸዋለሁ። ምልክት እንኳ የለውም፣ በሩ ላይ የብረት ብናኝ ካያችሁ እሱ ነው። የሄድኩት ለቸርኬ ነው። የቪትዝ ቸርኬ አገሩን ሞልቶታል፣ ርካሽ ነው፣ እንደ ጎልፍ አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው። መሀሉ ግን አይገባም፣ የቶዮታው ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬው የሚቀመጥበት የጎልፏ ሞዞ 57.1 ነው። «ሦስት ሚሊ ሜትር ይከርከምልኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ካሊበሩን አወጡ፣ ለኩ፣ ከዚያ ብሎኖቼን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። አዩዋቸውና «የኔ ልጅ፣ በዚህ ብሎን ካሰርካት ጎማህ ቀድሞህ ዳንግላ ይደርሳል» አሉኝ። የቮልስዋገን ብሎን መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የቶዮታ ቸርኬ ደግሞ ሾጣጣ ይፈልጋል። በጥርሱ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ግን በጠርዙ ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ ይኼን አላውቅም ነበር። ሳይጠየቁ ባያዩት ኖሮ ማን እንደሚጽፍላችሁ አላውቅም።

ሾጣጣ ብሎን አስመጣሁ፣ አራቱንም ከረከሙልኝ። ለአንድ ቸርኬ 400 ብር ተቀበሉ፣ ያኔ 2011 ነው። ስገጥመው እንደ ጣት ቀለበት ገባ፣ በ120 መሪው አይንቀጠቀጥም። ቅሬታ ካላችሁ ቀጠሮ ነው። «ነገ ና» ማለት በሳቸው ቋንቋ የሚቀጥለው ሳምንት ማለት ነው። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ ስትጠይቃቸው የዓለም መጨረሻ የመጣ ይመስላቸዋል። ቶሎ ቶሎ ብትላቸው ደግሞ ሥራህን ወደ ጥግ ይገፉታል፤ ቁጭ ብለህ ቡና ከጠጣህ ግን ያስቀድሙሃል። አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ጠብቄ ለአንድ ኩሽኔታ መጎተት ምንም አልተቀበሉኝም። ከ10 ዘጠኝ ተኩል፣ ግማሿን ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት፣ ካነበቡት እንዲጠይቁኝ።

«ቱርቦስ?» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ገዝቼው ነበር። ለቀጭን አየር ከቱርቦ የተሻለ መድኃኒት የለም፣ ያጎደልነውን አየር ጨቁኖ ያስገባል። ግን ፒስተኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ሁሉ አብሮ ይጠይቃል። ከዚያ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ሲለቀቅ የቀሪው ዕቃ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ቱርቦውን ከገዛሁበት ብር በላይ አትርፌ ሸጥኩት። በዚህ ሁሉ ዓመት ያተረፍኩበት ብቸኛ ዕቃ ሳይገጠም የተሸጠው ነው።

አሮጌ መኪና የምትፈልጉ ልጆች ደግሞ ይኼን እወቁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን የሰማይ ዋጋ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ራሱ ተከለከለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለችው ናት ያለችው። ስለዚህ አቃጥላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት አስቡ፣ ወይም ለኔ ደውሉልኝ፣ የበር እጀታ እፈልጋለሁ ብያችኋለሁ።

አሁን የቀረኝ የኋላ አክስሉ ቡሽ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ያለውን አዲሱን የግንቦት 2016 የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር የሚሆነውን ለስላሳውን፣ ስሻገር ጸጥ ትላለች፤ ወርጄ የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ስደርስ ከኋላ ቋ ቋ ትላለች። ኦሪጅናል ላስቲክ አጥቻለሁ። አያ ቶርኖ ከወፍራም የፕላስቲክ ዘንግ ቆርጠው ሊሠሩልኝ ነው፣ «ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ቡናው ሳይወርድ» ብለውኛል። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ መንገዱ በአህያና በባጃጅ ይሞላል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስነሳታለሁ። ማርሚታዋ የፋብሪካው ስለሆነ እትዬ አይሰሙም።